ከ127 በኋላ የመጣው ሰው፦ ትንንሽ የቁጥር ዓይነቶችን በዳታቤዝ ውስጥ በልክ መጠቀም

ደሴ ለሚገኝ አንድ ክሊኒክ የወረፋ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። ታካሚ ካርድ ክፍል ይመጣል። ቁጥር ይቆረጥለታል። ቁጥሩ ስክሪን ላይ ሲወጣ ይገባል። በማግስቱ ቆጠራው እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ከመጀመሬ በፊት «በቀን ስንት ሰው ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሰማንያ። ከበዛ ዘጠና» አሉኝ። እኔም ዳታቤዙ ውስጥ የወረፋ ቁጥሩ የሚጻፍበትን ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ታይኒኢንት አደረግሁት፤ ትንሹ የሙሉ ቁጥር ዓይነት ነው። እስከ 127 ይይዛል፤ ይበቃል አልኩ።

ለወራት በቃ። ከዚያ ጉንፋን ከተማውን የያዘበት ሰሞን መጣ። በዚያ ላይ የገበያ ቀን ነበር። 127ኛው ሰው ቁጥሩን ወሰደ። ቀጥሎ ለመጣውም 127 ተቆረጠለት። ከእሱ ኋላ ለቆመችውም 127። ሲስተሙ ስህተት አላሳየም፤ አልቆመም። «127» ተብሎ ሲጠራ ብዙ ሰው አንድ ላይ ተነሳ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ነው የያዘው። ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ልጅ ያዘለች እናት ስለ ተራዋ ስትከራከር ከስልኩ ይሰማኛል። አንድ አባት «አብሽሪ፣ እኔ እቆያለሁ፤ እሷን አስገቧት» ሲሉም ሰማሁ።

የዚያን ቀን ወረፋ በእስክሪብቶ ተጻፈ። ማታ ኮለሙን አስፍቼ አደርኩ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ታይኒኢንት መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ዛሬም እጠቀምበታለሁ። የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው። «ዛሬ ስንት ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁ። መጠየቅ የነበረብኝ «ይህን ቁጥር የሚያቆመው ምንድን ነው?» ብዬ ነበር።

ልኮቹን እንወቅ

አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 8 ቢት 256 የተለያዩ ቁጥሮችን መጻፍ ይችላል። ከዜሮ በታች ያሉትም ይግቡ ካላችሁ፣ 256ቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይኸው ስሌት ነው።

ታይኒኢንት 1 ባይት ይወስዳል፤ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል። አንሳይንድ ከተባለ፣ ማለትም የመቀነስ ምልክት ከተከለከለ፣ ከ0 እስከ 255።

ስሞልኢንት 2 ባይት ነው፤ ከ-32,768 እስከ 32,767። አንሳይንድ ከሆነ እስከ 65,535።

ሚዲየምኢንት 3 ባይት ነው፤ እስከ 8,388,607፣ አንሳይንድ ሲሆን እስከ 16,777,215።

ኢንት 4 ባይት ነው፤ እስከ 2,147,483,647፣ አንሳይንድ ሲሆን እስከ 4,294,967,295።

ቢግኢንት 8 ባይት ነው። 19 አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል።

ይህ ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ የተባሉት ዳታቤዞች ዝርዝር ነው። ሌሎቹ ጋ ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ይለያል። ፖስትግሬስ ታይኒኢንት የለውም፤ ትንሹ ስሞልኢንት ነው። አንሳይንድም የለውም። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ታይኒኢንት አለው፤ ግን ሁልጊዜ ከ0 እስከ 255 ነው፤ ከዜሮ በታች አይቀበልም። ኤስኪውላይት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ስሞልኢንት ብላችሁ ብትጽፉም 70,000 ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል። እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ትልቅነቱ ከ0 እስከ 8 ባይት ባለው ቦታ ራሱ ይመጥነዋል። ስለዚህ የስልክ አፕ በኤስኪውላይት የምትሠሩ ከሆነ፣ የቦታ ቁጠባው ክፍል አይመለከታችሁም። ገደቡን ግን ራሳችሁ በቼክ፣ ማለትም ዳታቤዙ ቁጥሩን ከመቀበሉ በፊት በሚፈትሽበት ደንብ፣ ማስቀመጥ አለባችሁ።

አንደኛ፦ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አውጡ

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። የሚመዘገበውን ቁጥር ሁሉ ወደታች ጻፉ። የክሊኒኩን ምሳሌ እንቀጥል። ለአንድ ጉብኝት የሚመዘገቡት እነዚህ ናቸው፦ የካርድ ቁጥር፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የገባበት ክፍል፣ የልብ ምት፣ የላይኛውና የታችኛው የደም ግፊት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የኦክስጅን መጠን፣ የሕመም ደረጃ፣ ክብደት፣ የቀበሌ ቁጥር፣ ስልክ።

ከዝርዝሩ መጀመሪያ ቁጥር የሚመስሉትን ግን ቁጥር ያልሆኑትን አውጡ። መለያው ቀላል ነው። «ሁለቱን ብደምራቸው ትርጉም ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ «ፊቱ ላይ ያለው ዜሮ ቢጠፋ ይበላሻል?» በሉ። የሞባይል ስልክ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ኢንት ውስጥ ካስገባችሁት ዜሮው ይጠፋል። ከ251 ጀምራችሁ ከጻፋችሁት 12 አኃዝ ይሆናል፤ ኢንት አይችለውም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም 10 አኃዝ ነው፤ በዜሮ የሚጀምር አለ። «ቀበሌ 08» የሚለውም በብዙ ሰነድ ላይ ከነዜሮው ነው የሚጻፈው። እነዚህ ስሞች ናቸው፤ በአኃዝ የተጻፉ ስሞች። በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጡ።

ሁለተኛ፦ «የሚያቆመው ምንድን ነው?»

የመመሪያው ልብ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ከተረፉት ቁጥሮች ከእያንዳንዱ ጎን፣ እላፊ እንዳይሄድ የሚያቆመውን ነገር ጻፉ። ወርን የሚያቆመው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። 13 ላይ ይቆማል፤ ነገም 14 አይሆንም። የኦክስጅን መጠንን የሚያቆመው መቶኛ መሆኑ ነው፤ ከ100 አያልፍም። የሕመም ደረጃ መለኪያው ራሱ ከ0 እስከ 10 ነው። የተማሪ ክፍል ከ1 እስከ 12 ነው። እነዚህን በታይኒኢንት አስቀምጡ፤ ተኙ።

የካርድ ቁጥርን ግን ምን ያቆመዋል? ምንም። ሰው ይወለዳል፣ ከገጠር ይመጣል፣ ቅርንጫፍ ይከፈታል። ዛሬ 9,000 ላይ ስለሆነ ስሞልኢንት ይበቃል ማለት የኔን የወረፋ ስህተት በሌላ ቁጥር መድገም ነው። በቀን 40 አዲስ ካርድ የሚያወጣ ክሊኒክ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 12,000 ካርድ ነው። 32,767 ሦስት ዓመት አይሞላም። የካርድ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የጉብኝት ቁጥር፣ የሽያጭ ቁጥር፦ እነዚህ አዳጊ ናቸው። ቢያንስ ኢንት ስጧቸው። በጣም የሚበዙ ከሆኑ ቢግኢንት።

ኢንትም ቢሆን ጫፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩቲዩብ ላይ የአንድ ደቡብ ኮሪያ ዘፈን የታየበት ቁጥር ከ2,147,483,647 አለፈ። ኩባንያው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ነበረበት። አንድ ቪዲዮ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ይታያል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የሚያቆመው ነገር የድርጅቱ የዛሬ አቅም ብቻ ከሆነ፣ እንደ «ምንም አያቆመውም» ቁጠሩት። «አምስት ክፍል ነው ያለን»፣ «ከዘጠና ሰው በላይ አናስተናግድም» የሚሉት ገደብ አይደሉም። የክፍሎቹን መለያ ታይኒኢንት ብታደርጉት እንኳ፣ 255 ክፍል ያለው ክሊኒክ ስለማይኖር እንጂ ዛሬ አምስት ስለሆኑ አይሁን።

ሦስተኛ፦ ከዜሮ በታች ይወርዳል ወይ?

ብዙ ሰው ቁጥሩ አይቀነስም ብሎ አንሳይንድ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር አስቡ።

አንደኛ፣ ነገሩ በእውነት ከዜሮ በታች አይወርድም? ለምሳሌ የመንገድ ጣቢያዎችን ከፍታ እየመዘገባችሁ ነው እንበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ይወረዳል። ከፍታው ሁሉ ከዜሮ በላይ ነው ብላችሁ አንሳይንድ ካደረጋችሁት፣ አንድ ቀን የደናክል ጣቢያ ሲጨመር ኮለሙ እምቢ ይላችኋል። የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለከፍታ ምልክት ያለው ስሞልኢንት ነው የሚሆነው፤ ከደናክል እስከ ራስ ዳሸን ይበቃል።

ሁለተኛው ስሌት ነው። በማይኤስኪውኤል ሁለት አንሳይንድ ኮለሞችን ስትቀንሱ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ጥያቄው በስህተት ይቆማል። መጋዘን ውስጥ ያለው 40፣ የታዘዘው 55 ቢሆን «ስንት ይጎድላል?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ስህተት ይሰጣል። ተቀናናሽ ስሌት የሚበዛበት ኮለም ላይ ምልክት ያለውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ቦታ ካነሰ አንድ ደረጃ ከፍ እላለሁ።

አራተኛ፦ መለኪያውን ምረጡ፤ ከዚያ ዓይነቱን

ቁጥሩ በምን ይለካል? ይህን ሳትወስኑ ዓይነቱን መወሰን አይቻልም።

ሙቀትን እንውሰድ። 36.7 ነጥብ አለው፤ ሙሉ ቁጥር አይደለም። በአሥረኛ ዲግሪ ከያዝነው 367 ይሆናል፤ ስሞልኢንት ውስጥ በምቾት ይገባል። ሲነበብ ለ10 ማካፈል ነው። ይህን ካደረጋችሁ ግን የኮለሙን ስም «ሙቀት» ብቻ አትበሉት። «ሙቀት በአሥረኛ» የሚል ስም ስጡት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ 367 ሲያይ ግራ እንዳይገባው።

ክብደት ላይ ወጥመድ አለ። የጨቅላ ሕፃን ክብደት በግራም ነው የሚጻፈው፤ 3,250 ግራም ለስሞልኢንት ቀላል ነው። «እንግዲህ ክብደት በግራም፣ በስሞልኢንት» ብላችሁ ለአዋቂም ያንኑ ከተጠቀማችሁ ትወድቃላችሁ። 70 ኪሎ ሰው 70,000 ግራም ነው። አንሳይንድ ስሞልኢንት እንኳ 65,535 ላይ ያበቃል። ወይ ኢንት አድርጉት፣ ወይ ለአዋቂ በመቶ ግራም ያዙት፤ 65.4 ኪሎ 654 ይሆናል።

የልብ ምትና የደም ግፊትም እንዲሁ ያሳስታሉ። ጤነኛ ሰው ላይ የላይኛው ግፊት 120 ገደማ ነው፤ የልብ ምት ሰማንያ ምናምን። አንሳይንድ ታይኒኢንት እስከ 255 ይይዛል፤ ሰፊ ይመስላል። ግን የግፊት መለኪያው ራሱ እስከ 300 ነው የተሠራው። የሕፃን ልብም ሲታመም በደቂቃ ከ255 በላይ ሊመታ ይችላል። ኮለሙ የሚሞላው በጣም በታመመው ሰው ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ባይት ለመቆጠብ ብሎ ያንን ሰው መመዝገብ አለመቻል አይገባም። ሁለቱንም ስሞልኢንት አድርጓቸው።

ዕድሜን ደግሞ ባትመዘግቡ ጥሩ ነው። ዕድሜ በየዓመቱ ይለወጣል፤ የልደት ዓመት አይለወጥም። የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉን። በግምት የልደት ዓመቱን በስሞልኢንት ያዙ። ጎኑ ላይ «ግምት ነው» የሚል አንድ ታይኒኢንት ጨምሩ። ለሕፃናት ግን ሙሉ ቀኑ ያስፈልጋል፤ ክትባት በሳምንት ነው የሚቆጠረው።

አምስተኛ፦ የኛ ቀን

ለዚህ ርዕስ ሰፊ ቦታ የምሰጠው ብዙ ሰው ሲሳሳት ስላየሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀንን ዴት በሚባለው የቀን ዓይነት ኮለም ውስጥ ቀጥታ አታስገቡ። ዴት የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ወር 13 የለውም፤ ጳጉሜንን በሙሉ አይቀበልም። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ፣ ጥቅምት 30ን እንደ ፌብሩዋሪ 30 ያየዋል፤ እሱንም ይመልሰዋል። ክፋቱ ደግሞ የቀሩት ቀኖች ይገባሉ። መስከረም 1ን «ጃንዋሪ 1» ብሎ በሰላም ይቀበላል። ስለዚህ ወር ሙሉ ሠርቶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው የሚያጋልጣችሁ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ፈረንጁ ቀይሮ በዴት ማስቀመጥና ሲታይ ወደ እኛ መመለስ ነው። በሁለት ቀን መካከል ያለውን ርቀት ማስላት የሚበዛበት ሥራ ላይ ይህን ምረጡ። ሌላው ሦስት ትንንሽ ኮለም ነው፦ ዓመት በስሞልኢንት፣ ወር በታይኒኢንት፣ ቀን በታይኒኢንት። በድምሩ 4 ባይት። የወር ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚጠየቅ ተቋም ይህ በጣም ይመቻል። «የጥር ወር ተመላላሽ ታካሚ» ሲባል ወር 5ን መፈለግ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ቼክ ጨምሩ። ወር ከ1 እስከ 13። ቀን ከ1 እስከ 30። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ6 አይለፍ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ለመለየት ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 3 ከሆነ ስድስተኛ ቀን አለ። 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ።

ስድስተኛ፦ መለያ ቁልፎች

የትንሽ ዓይነት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። «ክፍል» የሚል ትንሽ ቴብል (ሠንጠረዥ) አለን እንበል፦ ተመላላሽ፣ ተኝቶ ታካሚ፣ ላቦራቶሪ፣ የእናቶችና ሕፃናት። መለያው ታይኒኢንት ይሁን። ጉብኝት ቴብል ውስጥ የክፍሉን ስም በጽሑፍ ከመድገም ይህን አንድ ባይት ብቻ ነው የምናስገባው። ለአማርኛ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። በዩቲኤፍ-8፣ ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ተመላላሽ» አምስት ፊደል ነው፤ 15 ባይት። በየረድፉ 15 ባይት ወይስ 1? የፊደል ግድፈትም አብሮ ይቀራል፤ አንዱ «ላቦራቶሪ» ሌላው «ላብራቶሪ» እያለ ሪፖርቱ ለሁለት አይከፈልም።

በማይኤስኪውኤል ፎረን ኪ፣ ማለትም አንዱ ቴብል የሌላውን መለያ የሚጠቁምበትን ማሰሪያ፣ ስታደርጉ ሁለቱ ኮለሞች በመጠንም በምልክትም አንድ መሆን አለባቸው። ዋናው አንሳይንድ ታይኒኢንት ከሆነ ጠቋሚውም አንሳይንድ ታይኒኢንት ይሁን። አንዱን ከረሳችሁ ቴብሉ አይፈጠርም።

ኢኖዲቢ፣ ማለትም ዳታውን የሚያስቀምጠው የማይኤስኪውኤል ክፍል፣ ሌላም ጠባይ አለው። ፕራይመሪ ኪው (የረድፉ ዋና መለያ) በሌሎቹ ኢንዴክሶች (ፍለጋን በሚያፋጥኑ ማውጫዎች) ውስጥ ሁሉ ይደገማል። አምስት ኢንዴክስ ካለ አምስት ጊዜ። ስለዚህ ፕራይመሪ ኪ በልክ መሆኑ ይጠቅማል። ግን ይህ ለአዳጊ ቴብል ትንሽ ዓይነት ለመስጠት ሰበብ አይሁን። በራሱ የሚጨምር ቁጥር ከረድፉ ብዛት ቀድሞ ይሄዳል። የተሰረዘ ረድፍ ቁጥሩ አይመለስም። መሃል ላይ የተሰረዘ ትራንዛክሽንም (አንድ ላይ የሚፈጸም የምዝገባ ሥራ) ቁጥር በልቶ ይሄዳል። 20,000 ረድፍ ብቻ ያለው ቴብል 32,767 ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሲደርስ የሚሰጠው የስህተት መልእክትም አሳሳች ነው። ታይኒኢንት ላይ «127 ተደግሟል» ይላል እንጂ «ቦታ አልቋል» አይልም። ይህን መልእክት ካያችሁ የተደገመ ዳታ አትፈልጉ፤ የኮለሙን ዓይነት ተመልከቱ።

ሰባተኛ፦ ዝም እንዳይል አድርጉት

ክሊኒኩ ላይ የደረሰው የከፋው ቁጥሩ በማለቁ አልነበረም። ዳታቤዙ ዝም በማለቱ ነው። ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ሁነታው (የተሳሳተ ዳታን እምቢ የሚልበት ቅንብር) ሲጠፋ፣ ከልክ ያለፈን ቁጥር ወደ ጫፉ ቆርጦ ያስገባል። 128 ሲሰጠው 127 ይጽፋል። ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙ ግን ካልጠየቀ አያየውም። ጥብቅ ሁነታው ከስሪት 5.7 ጀምሮ ሲጫን አብሮ ይበራል። የኔ ሰርቨር ላይ የቆየ ፕሮግራም እንዲሠራ ተብሎ ተዘግቶ ነበር። አላየሁም። እናንተ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የኤስኪውኤል ሞድ የሚለውን ቅንብር አንብቡ።

በተጨማሪ ቼክ ጻፉ። ታይኒኢንት ራሱ ገደብ አይደለም። የሕመም ደረጃ ከ0 እስከ 10 ነው፤ ታይኒኢንት ግን 99ንም ይቀበላል። ማይኤስኪውኤል ቼክን በትክክል የሚያስከብረው ከ8.0.16 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ስሪት ትጽፉታላችሁ፤ ተቀብሎ ይተወዋል። ቡሊያንም እዚያ ከታይኒኢንት ጋር አንድ ነው፤ 2 እና 3ም ይገባበታል። «አዎ ወይም አይ» ብቻ ከፈለጋችሁ ቼክ ያስፈልገዋል።

የወረፋ ቁጥር ላይ ደግሞ ቀንና ቁጥር አንድ ላይ እንዳይደገሙ ዩኒክ አድርጉ። ያኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ሲስተሙ 128ኛው ሰው ላይ ይቆም ነበር። መቆሙም ችግር ነው፤ ግን ችግሩ በአንድ ሰው ላይ ይታወቅ ነበር።

ታይኒኢንት ጎን ቅንፍ ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር አይታችሁ ይሆናል። ያ ስንት አኃዝ እንደሚይዝ የሚወስን ይመስላል። አይወስንም። ለማሳያ ስፋት ብቻ ነበር፤ ከ8.0.17 ጀምሮም እንዳንጠቀምበት ይመከራል። ተዉት።

ስንት ያተርፋል?

እንደማመጥና እንቁጠር። ከላይ ከዘረዘርናቸው አሥሩን እንውሰድ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ክፍል፣ የልብ ምት፣ ሁለቱ ግፊቶች፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ የሕመም ደረጃ። ሁሉም ኢንት ቢሆኑ 40 ባይት ነው። በልካቸው ሲሆኑ አምስቱ 2 ባይት፣ አምስቱ 1 ባይት ይወስዳሉ፤ 15 ባይት። በረድፍ 25 ባይት ተረፈ። በቀን 100 ጉብኝት፣ በዓመት 300 ቀን፣ ለ10 ዓመት 300,000 ረድፍ ነው። ትርፉ 7.5 ሜጋባይት ገደማ። ስልክ ላይ የተነሱ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ማለት ነው።

ስለዚህ ለትንሽ ክሊኒክ ወይም ለአንድ ሱቅ ብላችሁ ስለ ዲስክ አትጨነቁ። ጥርጣሬ ካለ ሰፊውን ውሰዱ። 200 ሚሊዮን ረድፍ ላይ ግን ያው 25 ባይት 5 ጊጋባይት ይሆናል። ያ ሚሞሪ ነው፤ የባክአፕ ሰዓት ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ በሞባይል ዳታ ባክአፕ የሚልክ ሰው 5 ጊጋባይት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ለትንሽ ተቋም የልክ ዓይነት ጥቅሙ ሌላ ነው። ቴብሉን ከፍቶ የሚያነብ ሰው፣ ወር ታይኒኢንት መሆኑን ሲያይ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚጠበቅ ይገባዋል።

ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ኮለሞች በተርታ ሲቀመጡ ቢግኢንት በ8 ባይት፣ ኢንት በ4፣ ስሞልኢንት በ2 መስመር ላይ መጀመር አለባቸው። በሁለት ቢግኢንት መሃል አንድ ስሞልኢንት ብታስገቡ፣ ከእሱ ኋላ 6 ባይት ባዶ ይቀራል። ምንም አልቆጠባችሁም። ትላልቆቹን አስቀድሙ፤ ትንንሾቹን አንድ ላይ አከታትሉ። ሌላው ማባዛት ነው። ሁለት ስሞልኢንት ኮለሞችን ስታባዙ ውጤቱም ስሞልኢንት ነው። 200 ጆንያ በ200 ብር 40,000 ነው፤ ስሞልኢንት ስለማይችለው ስህተት ይሰጣል። ከማባዛታችሁ በፊት አንዱን ወደ ኢንት ቀይሩት። ብርን ግን ከመጀመሪያውም በትንሽ ዓይነት አታስቀምጡ። ዋጋ የት እንደሚቆም የሚያውቅ የለም።

ስምንተኛ፦ ጫፉን ሞክሩ

ሥራው ሲያልቅ በአማካይ ቁጥር አትፈትኑት። አማካዩ ሁልጊዜ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ትንሽ ኮለም አራት ቁጥር አስገቡ፦ ትንሹን፣ ከትንሹ አንድ ዝቅ ያለውን፣ ትልቁን፣ ከትልቁ አንድ ከፍ ያለውን። ለወር 1፣ 0፣ 13 እና 14። ሁለቱ መግባት አለባቸው፤ ሁለቱ በግልጽ ስህተት መመለስ አለባቸው። ከገቡ በኋላ መልሳችሁ አንብቡ። የገባው ቁጥርና የተነበበው አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የወረፋውን ሲስተም እንዲህ ፈትኜው ቢሆን አሥር ደቂቃ ባልፈጀብኝ ነበር።

የጠበበውን ማስፋት

አስቀድሞ የጠበበ ቴብል ካላችሁ፣ መጀመሪያ የት ላይ እንደደረሰ እወቁ። ለእያንዳንዱ ኮለም ትልቁን ቁጥር ጠይቁና ከዓይነቱ ጫፍ ጋር አወዳድሩ። ግማሹን ካለፈ ዕቅድ ያዙ። ሦስት አራተኛውን ካለፈ ሳምንቱን አታሳልፉት።

ከዚያ ባክአፕ። ባክአፑን ሌላ ቦታ መልሳችሁ ከፍታችሁ መሥራቱን ሳታዩ አትቀጥሉ። ኦልተር ቴብል ብላችሁ ዓይነቱን ስትቀይሩ ማይኤስኪውኤል ቴብሉን እንደ አዲስ ይገለብጠዋል። እስኪጨርስ ማንበብ ይቻላል፤ መጻፍ አይቻልም። ፖስትግሬስ ማንበብንም ይዘጋል። ለ300,000 ረድፍ አጭር ጊዜ ነው፤ ለብዙ ሚሊዮን ግን ረጅም ነው። የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ፣ ማታ አድርጉት። መብራት ከሄደ እንዳይቋረጥ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ቴብሉን ለመገልበጥ ዲስኩ ላይ ተጨማሪ ቦታ እንደሚያስፈልግም አትርሱ።

ኮለሙ መለያ ከሆነ፣ የሚጠቁሙበት ቴብሎች ሁሉ አብረው መስፋት አለባቸው። መጀመሪያ ፎረን ኪውን አንሱ፤ ሁሉንም አስፉ፤ ከዚያ መልሱት። ፕሮግራሙንም እዩ። ዳታቤዙ ሰፍቶ ኮዱ ውስጥ ያለው ተለዋዋጭ 16 ቢት ሆኖ ከቀረ ስህተቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ማጥበብ ከፈለጋችሁም መንገዱ ያው ነው፤ ግን ጥብቅ ሁነታው መብራቱን ሁለቴ አረጋግጡ። ከጠፋ ከልክ ያለፉት ቁጥሮች ተቆርጠው ይቀራሉ፤ ዋናውን ከባክአፕ ካልሆነ አታገኙትም።

የክሊኒኩን ኮለም ያን ማታ ስሞልኢንት አድርጌ፣ ዩኒክና ቼክ ጨምሬ ወጣሁ። ጠዋት ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት ሄጄ 126፣ 127፣ 128፣ 129 ብዬ አራት ቁጥር ቆረጥኩ። አራቱም ተለያይተው ስክሪኑ ላይ ወጡ። የሙከራዎቹን ረድፎች አጥፍቼ ቆጠራውን ወደ 1 መለስኩት። ከዚያ ልጅቷ በሩን ከፈተች።